በር ላይ የሚለጠፍ

እዚህ ቪዲን ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣
ሰው የሞተ እንደሆን ይለጠፋል በበር፤
ፎቶው፣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ በወረቀት ሰፍሮ
ከምሰሶ፣ ከግንድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል ተሰድሮ።
ለአርባው ደግሞ ሌላ፣ ለሙት ዓመቱም ሌላ፤
ሰውዬው አፈር ገብቶ ወረቀት ይቀራል ከኋላ።

አታሚው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ።
ቀለምና ሙጫ ተከትሎኝ ይገባል እስከ ቤቴ።

አምና የእህቴ ልጅ ራሊትሳ መጣችና
«ዓይንህን አሳርፈው፣ አጎቴ» አለችና
ኮምፒውተሬ ላይ ጫነች ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤
እንደ አዲስ ተቀጣሪ ጥግ ቆሜ ታዘብሁት።

መዋሸት አልወድም። ጠቅሞኛል።
የወረቀት ሒሳብ፣ የግብር ቅጽ ይሞላል፤
የፊደል ግድፈቴን እንደ ምስር ይለቅማል፤
የሶፊያው አቅራቢ ዋጋ ሲቆልልብኝ
በጨዋ ደብዳቤ እሱ ይሟገትልኛል።
ድሮ እኩለ ሌሊት ይዘጋ የነበር ሱቄን
ዛሬ ጀምበር ሳለች ዘግቼ፣ በዓሣ መንጠቆ ለወጥሁት ጭንቄን።

ስንፍና ግን ብልህ ናት፣ በጓሮ በር ትገባለች፤
«ይኸንንስ እሱ ቢጽፈው?» በጆሮዬ ትላለች።
ስም እሰጠዋለሁ፣ ዕድሜ እሰጠዋለሁ፤
ሳላነብ አትሜ ሙጫ እቀባለሁ።
ባንድ ክረምት ብቻ ሃምሳ ሁለት ሙታን
ሁሉም «ደግ አባት»፣ ሁሉም «የቤት ብርሃን»።
ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሶ ተቀበረ፤
ማንም አልወቀሰኝ፤ ቆሞ ማንበብ ግን ቀረ።

የካቲት ላይ ነበር፣ ወንዙ በረዶ ሲገፋ፤
ዝላትካ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ያልተከፋ።
ባሏ ኦግኒያን፣ የጀልባ ሞተር ሠሪው፣ ትናንት አርፏል።
ስሙን አስገባሁ፤ መሣሪያው በአፍታ ጽፏል፦

«በድንገት የተለየን፣ የማይረሳው መጽናኛችን፣
ሩኅሩኅ ባል፣ አርአያ አባት፣ የማትጠፋ ብርሃናችን።»

አነበበች። ደገመች። መነጽሯን አወለቀች።
«ማነው ይኼ ሰውዬ?» አለች።

«ድንገት አይደለም፤ ሦስት ዓመት ታሟል።
ሩኅሩኅ? ለአንዲት በርሜል ናፍጣ
ከወንድሙ ጋር ሃያ ዓመት ተኳርፏል!
አባትም አይደለም፤ እግዜር ልጅ አልሰጠንም።
ብርሃን? ኧረ አምፖል መቀየር እንኳ አይወድም!»
ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።
እኔ አፈርሁ። ማሽኑ አላፈረ።

ምን ያፍራል? መጥረቢያ ቢስት የሚጠየቀው እጅ ነው።
ስም ሰጠሁት እንጂ ሰው መቼ ሰጠሁት?
ያልጠየቅሁትን ሰው ከየት ያምጣው?

ወንበር ሳብሁላት። ማያውን ወደ ግድግዳ አዞርሁት።
እርሳስ አነሣሁ፤ የደረሰኝ ጀርባ ገለበጥሁት።
እጁ ምን ይሸት ነበር? ሲናደድ ምን ይላል?
ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ምን ይነካል?

ብዙ ቆየች።
«ሞተር ሲሠራ ያፏጫል፤ ሲነሣለት ዝም ይላል።
ዝም ሲል እሰማና ሾርባው ይወጣል።
ዛሬ ቤቱ ዝም ብሏል፤ እኔም ሳላስበው
ሁለት ሳህን አወጣሁ…»

ጻፍሁ። ከዚያ ማያውን መለስሁት፤ ኩራት ሙጫ አይሆንም።
ግድፈቴን ለቀመልኝ፤ ኅዳጉን አስተካከለ፤
«"ዝም" የሚለው ቃል ተደጋግሟል፤ ይቀየር?» አለ።
አይቀየር፣ አልሁት።
እሺ አለ። ይኼ ደግ ጠባዩ ነው።

ኦግኒያን ፔንቼቭ። ሰባ አንድ ዓመት።
ሞተር ሲሠራ ያፏጭ ነበር።
ሞተሩ ሲነሣ ዝም ይል ነበር።
ማክሰኞ ዝም አለ።
ሁለት ሳህን ወጥቷል።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣
ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነበር፣ በብርዱ ደንዝዞ፤
አንድ አውቶቡስ አለፈው። ሁለተኛውም አለፈ።
«ወንድምዬው ነው» አለች ራሊትሳ። አልጠየቅሁም።

ከጀርባዬ የግብሩን ቅጽ ይሞላል፤ ከኔ ይልቅ ያውቃል ልኩን።
እርሳሴን እየቀረጽሁ ነው።
አንድ ሰው ከፈተ በሩን።