ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ

ከዝዋይ ነው የመጣው፣ ባይሱዙ ተጭኖ፣
የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ሆዱ ላይ ማኅተም ሆኖ።
ዓለም ከተማ ሲገባ ልጅ ሁሉ ተከትሎ
"መርከብ! መርከብ!" ይላል፣ አቧራ ተጠቅልሎ።

እኔ ባጃጅ ሥር ነበርኩ፣ ዳይናሞ ስፈታ፤
ወንድይፍራው ጎማውን በእግሩ መታ መታ፦
"ውጣማ፣ ሥራ አለ። ሞተሩ ደኅና ነው፣
መስመሩን ግን አይጥ ነው ከሥሩ የበላው፤
ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ ወንጭት ላይ ላውርደው።"

ባሕር አይቼ አላውቅም።
የማውቀው ባጃጅ ነው፣ ባሥራ ሁለት ቮልት የሚያድር፤
ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የባለቤቱ መዝሙር።
ባጃጅ ቢጠፋ ዳር ይይዛል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፤
ውሃ ላይ የጠፋን ማን ወርዶ ይገፋል?

የሲሚንቶ ከረጢት ቀደድኩ፣ ውስጡን ገለበጥኩ፣
በበለጥሻቸው እርሳስ አንድ ጀልባ ነደፍኩ።
ማንኪያ መሰለ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ባትሪው ከኋላ ይሁን፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣
በሣጥን ተከድኖ፣ በቀበቶ ተጠቅልሎ።
ከፖዘቲቩ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይቀመጥ፤
ሽቦው ከመንደዱ በፊት ቀድሞ እሱ ይቅለጥ።
ባጃጅ ላይ አንድ ገመድ ትልካለህ፣ መልሱን ቦዲው ያመጣል፤
ይህ ግን ፋይበር ነው፣ የላክኸው በዚያው ይቀራል።
ለእያንዳንዱ መሄጃ
ይዘርጋ መመለሻ።
ገመዱ ማብሪያው ጋ ሳይደርስ ትንሽ ወደ ታች ይጉበጥ፣
ጠብታው እዚያው እንዲወድቅ፣ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ።
"እንደ ቤት አሸንዳ!" አለች። አዎ፣ እንደ አሸንዳ።

ከዚያ በጥፍሯ አንዱን መስመር ነካች፦
"ይሄኛው ከማብሪያው በፊት ነው የተቀጠለ፤
ተሳስተህ ነው?"
አልተሳሳትኩም። ፓምፑ ነው።
ወንድይፍራው ማብሪያውን አጥፍቶ ቤቱ ይተኛል፤
ሌሊት ዝናብ ይወርዳል፣ የጀልባው ሆድ ይሞላል፤
ያኔ ተንሳፋፊዋ ቁልፍ ብድግ ትላለች፣
ማንንም ሳትቀሰቅስ ውሃውን ታስወጣለች።
ሌላው ሁሉ ይጥፋ።
ዘበኛ ግን አይጠፋም።

ቀጥሎ መብራት፦ ከፊት በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣
ከኋላ አንድ ነጭ።
ወንድይፍራው ሂሳቡን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፦
"ወንጭት ላይ ትራፊክ አለ እንዴ? ከማን እንዳልጋጭ ነው?
ሌላ ጀልባ አየህ? ከኔ ሌላ ማን አለው?
ሰርዘው፣ ለቤንዚን ይሁነኝ።"

እውነቱን ነው።
ያ ወንዝ ጀልባ አያውቅም፤ ይሄ የመጀመሪያው ነው።
እርሳሱን አነሳሁ።

ነሐሴ ነበር፣ ሌሊት። እኛ በሚዳ በኩል፣
እህቴ አጸደ ቃሬዛ ላይ፣ ምጡ ሁለት ቀን ሆኗት፤
ስምንት ወንድ ሆነን አንድ ነገር አቃተን።
ማዶ የእጅ ባትሪ በራ።
"ዋናተኞቹ ናቸው፣ እየመጡ ነው!" አልን፤
ቃሬዛውን አነሳን፣ ጭቃው ውስጥ ገባን፣
ውሃው ጉልበታችን ላይ እስኪደርስ ቆምን።
አንድ መብራት ግን አይናገርም፤
የሚመጣውም የሚሄደውም አንድ ዓይነት ይበራል።
እያነሰ፣ እያነሰ... ዓይናችን ነው አልን።
እየሄደ ነበር።

አልሰረዝኩም።
"የሦስቱ አምፖል ዋጋ ከኔ" አልኩት፤ ዝም አለ።
ከረጢቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፊውዙ ልክ በታች፣
በለጥሻቸው በትልቁ እንድትጽፍ ነገርኳት፤
የጀልባው ነጂ ሳይሆን
ማዶ የቆመው ሰው እንዲያውቀው፦

ነጭ ብቻ ከታየህ ሄዷል፤ ቁጭ በል፣ እሳት አንድድ።
ቀይ ብቻ፣ ወይ አረንጓዴ ብቻ ከሆነ
ጎኑን ነው የሰጠህ፤ ከውሃው ጋር እየታገለ ነው፣ ጠብቅ።
ቀይና አረንጓዴ ባንድነት ካየህ ግን
ፊቱ ወዳንተ ነው።
ቃሬዛውን አንሳ።