ጫማው ካለ ሰው አለ

ሂርማታ ገበያ ጥግ፣ ከአዌቱ ድልድይ ወዲያ፣
መድኃኒት ትሸጣለች የአባ ዲጋ ልጅ ሸምሲያ።
ሒሳብ የሚይዝላትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
አንድ ከሰዓት ደወለች፣ «ና እንጂ! ይኼ ነገር ዋሸኝ።»

ዝናብ ነው። ሰው ተሰልፏል። ማሽኑ ያረጀ፣ ዳተኛ፤
ብትነካው ዝም አላት፤ ደግማ ስትነካው
ሁለት ሆኖ ነቃ፣ ፊተኛና ኋለኛ።
በአንዱ መስኮት ሠላሳ ብልቃጥ፣ በሌላው ሃያ ስምንት፤
አንዱን መደርደሪያ ለየብቻ ሲቆጥሩት፣
አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያይ ሲደልዝበት፣
የተሸጠው ሽሮፕ ማታ ተመልሶ ቆሟል።
«አንድ ሱቅ፣ ሁለት ባለሱቅ» አለችኝ። ምን ይባላል?

እኔ ቆጪ ነው የምኖረው፤
የግቢያችን መታጠቢያ አንድ ነው፣ መቀርቀሪያም የለው።
የገባ ሰው ጫማውን ደጅ ይተዋል፤
የመጣ ያያል፣ ይመለሳል።
ያንኑ ለፕሮግራሙ አስተማርኩት፦
ሲነቃ፣ መስኮት ከመክፈቱ በፊት፣
አንዲት ባዶ ፋይል ደጃፍ ላይ ያኑር፤
ሥራውን ሲጨርስ ያንሳት።
ዘግይቶ የመጣ ካያት አይከራከር፣ አይጠብቅ፤
ለቀደመው «ሰው ይፈልግሃል፣ ብቅ በል» ብሎ
ድምፅ ሳያሰማ ይክሰም።

ሦስት ወር ሠራ። ሸምሲያ አሥር ጊዜ ትንካው፣ የሚመጣው አንድ።

ሐምሌ ላይ፣ በመብረቅ መሀል መብራት ሄደ።
ጠዋት ደወለች፦
«ተከፍቷል ይለኛል። የታለ? የለም እኮ!»
ገባኝ። ሰውየው ሞቷል፣ ጫማው ደጅ ቀርቷል።

ሄድኩ። በጓሮ በር ስገባ
የአባ ዲጋ ኮንጎ ጫማ አለ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሮ።
እሳቸው ካረፉ ሁለት ረመዳን አለፈ።
ጠራጊዋ ታነሳዋለች፣ ሥሩን ትጠርጋለች፣
እዚያው ትመልሰዋለች።
ተሻግሬው ገባሁ።

ፋይሏን ሰረዝኩ፤ አዲስ ደንብ ጨመርኩ፦
ጫማው ላይ የባለቤቱ ቁጥር ይጻፍ፤
የመጣው፣ ጫማ አየሁ ብሎ ብቻ አይመለስ፤
«ይህ ቁጥር በሕይወት አለ?» ብሎ ይጠይቅ።
ከሌለ አንስቶ ይጣል፣ የራሱን ያኑር።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ ሸምሲያ፣ ብልቃጥ እየወለወለች።
«የሞተው ቦታ ይዞ» ልላት አፌ ላይ ደረሰ።
በጓሮ በር ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጫል፤
ተነሳች፤ ኮንጎውን ሳብ አድርጋ
እንዳይረጥብ ከክዳኑ ሥር አስጠጋችው።

«መብራቱ ነው» አልኳት።