ሲይዙት የሚበላ

መሃል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ፀሐይ ለምልክት ብቻ በምትገባ
ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤
ጣቴ ሲቆረፍድ ካውያዬን እሞቃለሁ።

እንግዳወርቅ መጣች፣ የሱፍ ፈታይ ናት፤
በነሐሴ ጭቃ አንጓዋ ወልቆባት፣
ወጌሻ ቢመልሰው እንዝርት እንቢ አላት።
ከፌስታል አውጥታ ሞተር አስቀመጠች፣
«ይኼ እጄን ይተካል?» ብላ ጠየቀች።
ከፈረሰ ቶዮታ የተነቀለ ነው፤
ዝናብ ሲጠርግ ኖሮ ዛሬ መስታወት የለው።
«መዞሩን ይዞራል፤ ልክ ማወቁ ነው ጣጣው።»

ሱፍ ሲቸኩሉበት ይበጠሳል፣
ሲዘገዩበት ይቋጠራል፤
ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው።
ያንን ጣት ልፈልግ ተቀመጥኩ
ከብስኩት ቆርቆሮዬ፣
ከጥቁር ጥቃቅኑ፣ ከባለ ሦስት እግሩ።
ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ፤
ትራንዚስተር ግን ያጣፍጣል፣
ወይ ያሳርራል።

መጀመሪያ ያነሳሁት ከቴፕ የወጣ፣
ዓመታት የዘፈነ፣ ታማኝ የመሰለኝ።
ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ለካሁ፤ ሁለት አምፔር።
የትራንዚስተሩ ጉልበት ሦስት።
«ይበቃል፣ ይተርፋል» ብዬ በየድኩት።
እንግዳወርቅ ሳቀች፣ ሱፉን አቀበለች፤
ሱፉ ተጠመጠመ፣ መዘውሩ ተያዘ፣
ሞተሩ ቆሞ አቃሰተ፣
ከዚያ ጭስ።
ከዚያ ያ ሽታ፣ ጠጋኝ ሁሉ የሚያፍርበት።

ለካስ ሞተር ሲሮጥ አይደለም የሚበላ፤
ሲይዙት ነው።
ልሂድ ሲል ሲያግዱት፣
ያኔ ነው ባትሪውን የሚግጠው።
በጨርቅ ጨብጬ ዳግም ልለካ ብል
ሜትሬ ፊውዙን ገበረ።
ከጋራዡ ከልሳነወርቅ ትልቁን ተዋስኩ፤
አሥራ ስድስት አለኝ።
ከደብተሬ ጥግ ጻፍኩ፦
በሠርጉ ቀን ብቻ አትለኪው።

ደብረ ብርሃን ወረድኩ።
«አርባ አምፔር ይችላል» አለኝ ባለሱቁ፣
ሞስፌቱን በመዳፉ እየመዘነ።
«በሩ በስንት ቮልት ይከፈታል?» ብለው
ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።
የተጻፈበትን ቁጥር ከወረቀት አመሳከርኩ፤
አሥር ካልገፋው ገርበብ ብሎ የሚቀር ነው፤
የእኔ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከአምስት አያልፍም።
ገርበብ ያለ በር ይፋጃል፤
ወይ ወለል፣ ወይ ጥርቅም፣ መሃሉ እሳት ነው።
ከመደርደሪያ ጥግ፣ አቧራ የጠጣ
በትንሽ ግፊት የሚከፈት አንድ ተገኘ፣
ሠላሳ አምፔር፣ ዋጋው እጥፍ።
ምሳዬን ከፈልኩበት።

በበሩና በምድሩ መካከል
አሥር ሺህ ኦም ሬዚስተር አሰርኩ፣
አዛዥ ሲጠፋ፣ እጅ ሲጠጋው እንዳይባንን።
ዳዮዱ ላይ ግን ቆየሁ።
ሞተር ሲያጠፉት ወዲያው አይጠፋም፤
የያዘውን ወደኋላ ይወረውራል፣
መመለሻ ካጣ በሩን ይሰብራል።
ፈጣኑን መረጥኩ፣ ነጭ ቀለበቱ ወደ ባትሪው፤
ቁጣው እስኪበርድ የሚዞርበት መንገድ ይሁነው።

አመሻሽ ላይ ከተማው መብራት ጠፋበት።
ከሞተር ሳይክል ባትሪ ገመድ ሳብን።
ማዞሪያውን ነካሁት፤
በሰከንድ ሺህ ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፣
ሞተሩ ግን አንድ ወጥ ግፊት ይመስለዋል።
ክሩ መጣ፣
ቀጭን፣ ግራጫ፣ የበጉ ሽታ ያለው።

ድንገት እንግዳወርቅ በዚያው በታመመ እጇ
መዘውሩን ጨበጠችው።
«ተይ!» አልኩ።
ሞተሩ አቃሰተ። ትራንፋስ ሳላወጣ ቆጠርኩ፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።
ሞስፌቱን ነካሁት፤ ለብ ብሏል እንጂ።
ለቀቀችው፤ ዞረ።

«እኔም ነኝ እንዲህ» አለች፣ መዳፏን እያሻሸች፤
«ስሠራ አልነበረም የበላሁ፤
እጄ ታስሮ ስቀመጥ ነው፣
ያጠራቀምኳትን አንድ ሳላስቀር።»

ለድካሜ የመጀመሪያውን ልቃቂት ተወችልኝ።
ከመደርደሪያዬ ላይ አለ።
ስተረትረው ከመሃሉ አንድ እብጠት አገኛለሁ፣
የያዘችበት ቦታ።