ራት የሌላት ራት

ማክሰኞ ማለዳ፣ በግራሩ ጥላ፣
ሞታ ተገኘች ላም፣ ሆዷ እንደሞላ።
ዝናብ ከቀረ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል፤
በጋንዚ ሜዳ ሣር ስሙ ብቻ ተርፏል።
«ምን በልታ ጠገበች?» አለ ኦንቲሬትሴ፣
ቢላውን ሲስለው። ዝም አለች ቆሴ።
ሰነጠቀው ሆዷን፤ ወጣ ከጨጓራ
የሕፃን ራስ ያህል፣ የረጠበ አደራ፦
ሐር፤ ያልተፈጨ፣ ያልሟሟ ሐር፣
ለጥርስም ለሐሞትም አልበገር ያለ ክር።

ግራሩ እሾህ እንጂ ቅጠል አልነበረውም።
ከቅርንጫፉ ግን ፍሬ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር፣
ግራጫ፣ ጫፉ የሾለ፣ አውራ ጣት የሚያህል።
ፍሬን ከቤት የሚለየው የጠገበ ነው፤ እሷ አልለየችም።
አባጨጓሬው ጨጓራ ገባ፣ ከነቤቱ።

ቤቱንስ እንዴት ሠራው!
የገዛ ፀጉሩን፣ የሚለበልበውን፣ እየነቀለ
ግድግዳው ላይ ሰካካ፣
ሀብታም በአጥሩ አናት የጠርሙስ ስባሪ እንደሚተክል።
(አንዳንዱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ታያለህ፤
ተርብ ቀድማ ሥጋው ውስጥ እንቁላሏን ጥላበት፣
ጠላቱን ከውስጥ አድርጎ ነው በሩን የዘጋው።)
ከዚያ መጠበቅ። ዝናቡ ከዘገየ እሱም ይዘገያል፤
ዓመት ቢሆን ዓመት፣ ቢደግም ይደግማል።

ስትወጣ ደግሞ አፍ የላትም።
በእኛ በአማርኛ «የእሳት ራት» ናት፤
ስም ያወጣላት ሰው፣ ኩራዝ ላይ ስትነድ ያያት፣
እሷ ራሷ ራት እንደማትበላ አልሰማም።
ትል ሳለች የቃረመችው ቅጠል ነው ስንቋ፤
በዚያው ትበራለች፣ በዚያው እንቁላሏን ትጥላለች፣
ጥቂት ሌሊት ኖራ፣ ስንቋ ሲያልቅ ታልቃለች።

ኦንቲሬትሴ የላሟን ዋጋ በጣቱ ቆጠረ። ማንን ይክሰስ?
ቆሴ ናት በመጨረሻ የተናገረችው፦
«ላሟ ቤት በላች፤ ቤቱም ላም በላ።»
ከዚያ ጎንበስ ብላ ከዛፉ ሥር ባዶዎቹን ብቻ ለቀመች፣
ባለቤቶቹ የወጡባቸውን፤
የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሰባብራ ጨመረችባቸው፣
በጅማት ሰፍታ በልጅ ልጇ በዳቤ ቁርጭምጭሚት አሰረች።

ማታ፣ እሳቱ ዙሪያ፣ ዳቤ አሸዋውን ሲመታው
ቻሽ፣ ቻሽ፣ ቻሽ፤
ዝናብ በደረቅ ቆዳ ላይ ሲጀምር ያለ ድምፅ።
ደመና ሸቷት ይሁን፣ ይህ ድምፅ አታሏት፣ አላውቅም፤
አንዲት ከጨለማው መጣች፣ ቡናማ፣ ወፍራም፣
ነበልባሉን ሁለቴ ዞረችው።
ሦስተኛውን ሁላችን ጠበቅን።
ወደ ግራሩ ሄደች።
እሳቱ ያለ ራት አደረ።