ሌሊት ያላየች

ጀንበር መጥለቅ ትታ፣ ከባሕሩ ጫፍ ስትውል፣ ስታድር፣
በዚያው ሳምንት መጣች ዮሩን፣ እንግዳችን፣ ወደዚህ ምድር።
ቫርዶ ደሴታችን ዛፍ አይበቅልባት፣
ከግንቦት እስከ ሐምሌ ምሽት የለባት፤
እናም ይህች ልጅ
ሌሊት የሚሉትን አይታ አታውቅም።

አዋላጇ መጥታ፣ አኑራት ከሚዛን፣
«ቀንና ሌሊቱን ገና አይለይም ሕፃን፣
ቀስ ብላችሁ አስተምሯት» ብላን ሄደች።
በዚያው ዕለት ነቃሁ፤ ከሌሊቱ ሰባት፣
ፀሐይዋ ቆማለች፣ ማጥፋቱን እንደ ረሱት መብራት።
ለእኔስ ማን ያስተምረኝ?

ከዓሣ ፋብሪካው ፎይል ለመንኩና፣
መስኮቱን ለጠፍኩት፣ በወንበር ቆምኩና።
በአንዲት ቀዳዳ ሾልካ ገባች ፀሐይ፣
እንደ አማት፣ ሳትጠራ፣ ሕፃኗን ልታይ።

ሰማያዊ ደብተር አለ ከወጥ ቤቱ፣
በክር የታሰረ እርሳስ ከአንገቱ።
«ስምንት ከሩብ። ግራ ጡት። ዐሥራ አንድ ደቂቃ።
ስምንት ተኩል አገሳች። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሁንም ነቅታ።»
የሲግኔ ጽሕፈት ድሮ ቀጥ ያለ ነበር፤
በሦስተኛው ሳምንት ዘመመ፣ እንደ ሰከረ አጥር።

እኔና እሷ አሁን፣ እንደ ፈረቃ ሠራተኛ፣
አንዳችን ስንነሣ ነው አንዳችን የምንተኛ።
ኮሪደሩ ላይ ልጅ እንቀባበላለን፣
ትኩስ ዳቦ እንደያዘ ሰው፣ ቀስ ብለን፣ ቀስ ብለን።
የቀረውን ሁሉ ደብተሩ ይናገር፦
«ዳይፐር አልቋል።» «ወተት አለ፣ ከፍሪጁ በር።»
አንድ ቀን ከገጹ ጠርዝ፣ በትናንሽ ፊደል፦
«ኦድቫር፣ ትናንት አለቀስኩ። በሷ ምክንያት አይደለም። እንዲያው ነው።»
ከሥሩ ጻፍኩላት፦
«እኔም። መኪናው ውስጥ። ማክሰኞ።»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ፣ ጋሪዋን እየገፋሁ፣
ወደ ወደቡ ወረድኩ፤ ከእርግቦች ይልቅ የባሕር ወፍ የሚጮህበት፣
ሽማግሌው ሃልቫርድ ጀልባውን ቀይ ይቀባል።
«አንተስ ምን ሆነህ ነው የማትተኛው?» አልኩት።
ብሩሹን ከቆርቆሮው አፍ ጠረገ።
«አልጋው ሰፋኝ» አለ። ሌላ አልጨመረ።
ጎንበስ ብሎ ሊያያት፣ ከብሩሹ ጫፍ አንዲት ጠብታ
ጠብ አለች፣ የጋሪው ጎማ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ አለኝ፤ ቀይዋ ነጥብ ስትዞር፣
ዮሩን እስክታሸልብ፣ እኔ ዙር ስቆጥር፦
አራት መቶ ሠላሳ። ነፋስ ካለ፣ ሰባት መቶ።
አንድ ጊዜ ሺህ ደረስኩ፣ ቁጥሩ ተምታታብኝ፤
ከእሷ በፊት እኔ ቆሜ አንቀላፋሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ነቃሁ። ጆሮዬ ጭው አለ።
ቤቱ ዝም። ፎይሉ ብቻ በነፋስ ይንኮሻኮሻል።
ሲግኔም ቀና ብላለች።
«አንተ አጠባሃት እንዴ? በጡጦ?»
«ኧረ እኔ አንቺ መስለሽኝ።»
ሮጥን፣ በባዶ እግር፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፤
ከአልጋዋ ሥር ተንበረከክን፤
ጣቴን ከአፍንጫዋ አስጠጋሁ፤ እጄ እየራደ፣
ልቤ ከእጄ ቀድሞ ወደ ሆዴ ወረደ።

ሞቅ ያለ አየር፣ የኮመጠጠ ወተት ሽታ፤
ደረቷ ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ።
ምንም አልሆነችም፤ ተኝታ ነው። ተኝታ!
ሲግኔ ሳቋን በመዳፏ አፈነች፤
ወተቷ ሸሚዟን አልፎ እስከ ወገቧ ወርዷል።

ደብተሩን ገለጥኩ። ከአምስት ተኩል እስከ ዐሥር ከሩብ
አንድ ፊደል የለበትም።
እርሳሱን አነሣሁ፣ «ተኛች» ብዬ ልጽፍ፤
ከዚያ ተውኩት።
ፀሐይ በማትጠልቅበት፣ ያቺ ነጭ ቦታ፣
አራት ጣት የማትሞላ፣ ከመስመር እስከ መስመር፣
የዮሩን የመጀመሪያ ሌሊቷ ነበር።

በማግስቱ ስምንት ጊዜ ነቃች።
እሱንም ጽፈነዋል።