ጫጫታውን መልስልኝ

ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ከሚያድሩበት
አንድ በር ሱቅ አለችኝ፣ ቴፕ የሚጠገንበት።
ዛሬማ ማን ቴፕ ይዞ ይመጣል? ቻርጀር ሆኗል እንጀራዬ፤
ቴፑ ለነፍሴ ነው፣ ለጆሮዬ።

ሮክ እወዳለሁ። ስቱዲዮ የተቀዳውንም አልጠላም፤
ግን እሱ ፎቶ ቤት የቆመ ሰው ነው፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣
ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ትንፋሹን ቋጥሮ።
መድረክ ላይ የተቀዳው ያው ሰውዬ ነው፣
ታክሲ ሊያመልጠው ሲሮጥ፣ አንድ ጫማው ሲወልቅበት፣
እንዲያም ሆኖ ሲስቅ፣ ላብ ሲወርድበት።

ከሁሉም አንዱ ይበልጥብኛል። ሽፋን የለው፣ ቀን የለው፤
በቀይ እስክሪብቶ «ሦስተኛ ፈረቃ» ነው የሚለው።
የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ልጆች ናቸው፤ በፋብሪካው ክበብ አዳራሽ፣
ሰዓት እላፊ ገብቶ፣ በር ተቆልፎ፣ ማንም ወደ ቤቱ ላይመለስ፣
እስኪነጋ ተጫወቱ።
ካሴቱ የያዘው ዘጠና ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ወሰደው ሌሊቱ።

መጀመሪያ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ፣ ከድራሙ ቀድሞ ይገባል፤
ድራመኛውም ሰምቶት መሰለኝ፣ ምቱን ከዝናቡ ይቀበላል።
ከዚያ በዳሳ ጊታሩን ሲያስጮኸው፣ ሲያስለቅሰው፣
ጧ! ክሩን በጠሰው።
አንድ ሰው «ውይ» አለ።
ዜማው በአምስት ክር አነከሰ፤ ትንሽ እንደሄደ
ማነከሱን ለመደ፣
ጭፈራ አደረገው።
ይኼኔ ከግራ ስፒከር አንዲት ሴት፣
ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የምትውል ሳትሆን አትቀርም፣
«ቋጥረዋ!» ትላለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጣል፤
«አስካለች፣ ነይ አንቺው ቋጥሪው!» ዘፋኙ ይመልሳል።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ልጅ ነበርኩ፤ ያ ዝናብ እኛም ጣሪያ ላይ ወርዶ ይሆናል።
ካደግሁ በኋላ ፋብሪካው በር ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ፤
ሦስት አስካለች ተገኙ። «እስቲ ሳቁ» ማለት አፈርኩ፣
ሰላም ብዬ ተመለስኩ።

ባለፈው ሰሞን ኢዮስያስ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ኮምፒውተር አዋቂ፣
ካሴቱን ወስዶ በፍላሽ አመጣልኝ።
«ጋሼ፣ አጠራሁልህ» አለኝ።
ዝናቡን አጥቦ፣ ሳሉን አጥቦ፣
ሕዝቡን በሰዓት እላፊ ከአዳራሹ አስወጥቶ።
አዳመጥኩ። ጊታሩ ጠርቷል፤ ጠርቶ ቀዝቅዟል፣ እንደ ተገነዘ ሰው።
ክሩ ተበጠሰ።
ማንም «ውይ» አላለም።
በዳሳ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲያነክስ ሰማሁት፤
ልጁን አልተቆጣሁትም። «ጫጫታውን መልስልኝ» አልኩት።

ዋናውን ካሴት ከተትኩ።
ውጭ፣ ጣሪያዬ ላይ፣ ዝናብ ጀምሯል፤
የትኛው የእኛ፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።
ጧ!
ኢዮስያስ ሳያስበው «ውይ» አለ።
አንድ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ ቻርጀር ጠየቀኝ።
ቆይ አልኩት፤
አስካለች ገና አልተናገረችም።