የሚቆጠር፣ የሚቋጠር

ማቅለጫው እሳቱን ጨርሶ፣ ጥርስ አልባ አፉን ከፍቶ
በቀረበት በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ሥራ ከከተማው ተሰዶ ወጥቶ፣
በፖሊስ ጣቢያው ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጋን አጠገብ፣
ሎሬታ ቫንቺክ ናት እኔን ያስተማረችኝ ማንበብ።

ፊደልማ ይዤ ነበር የመጣሁ።
ቅጽ ነው እንጂ፤
ሰው ሳይሞት ሣጥን ሲገባ እዚያ ነው ያየሁ።

«ስማ፣» አለች፣ የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ አርሳ፣
«ሌላውን ሁሉ ብትረሳም ይህን አንዱን አትርሳ።
አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በር ሰብሮ ቢገባ፣
ቢደበድብ፣ ቢዘርፍ፣ ሲወጣም እጁን በደም ቢቀባ፣
አራት ብለህ አትጻፍ። ከባዱ ብቻ ይቆጠራል፤
ሌላው ከከባዱ ሥር ያለ ስም ይቀበራል።»
«የተሰበረውስ በር?»
«በሩን አናጢ ያውቅበታል። አንተ መስመርህን አስምር።»

ወር ሲያልቅ ካፒቴን ግሪሾም ደረጃውን ይወርዳል፤
ቃሉ ሳይደርስ ጫማው ቀድሞ ምን እንደሚል ያስረዳል።
የከንቲባ ምርጫ ሲቀርብ ድምፁ ቅቤ ይቀባል፤
«ይሄ ‹ተሰረቀ› የሚሉት ቃል፣ እንዲያው፣ አልበዛም?» ይባላል።

ቶቢ ራድኪ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የብስክሌቱን ሰንሰለት
እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎ መጣ። «ጠፋ» ብዬ ጻፍኩለት።
የጠፋ ነገር መቁረጫ ይዞ ሰንሰለቱን አይቆርጥም፤
ልጁም ይህን አያጣውም፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ድምፅ አይሰጥም።

ደግሞ ማክሰኞ ማታ፣
ካፖርቷ ዝናብ የጠጣ ሴት፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣
መስኮቱ ጋ ቆመች። ብዕሬን ተቀበለችኝ፤ ጣቷ ነጣ ተጨንቆ።
የስሟን አንድ ፊደል ጻፈች።
ውጭ መኪና ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለተኛውን ፊደል ተወች።
ወረቀቱ እስካሁን አለ፤ አንድ ፊደልና አንድ ጠብታ።
«የት ይግባ?» አልኳት ሎሬታን፣ በሩን ልንዘጋ ያን ማታ።
«ያልፈረመ አይቆጠርም፣» አለች፣ ወደኔ ሳትዞር፤
ቅጹ ላይ ብዙ ሣጥን አለ፤
«ሆድ ይፍጀው» የሚል ግን አልነበር።

ከእኛ እርሳስ ወደ ኮሎምበስ፣ ከኮሎምበስ ወደ ዋሽንግተን፤
ቁጥሩ በደረሰበት ይከብራል፤ ማንም አያውቅም ላጲሳችንን።
«ወንጀል በአሥራ አንድ በመቶ ቀነሰ፣» ጋዜጣው ያበስራል፤
ምስማር ሻጩ ሃስኬል ያነበውና፣
ያለቁበትን ጓጉንቸሮች አስቦ ሌላ ካርቶን ያዛል።

ጃንዋሪ ላይ ነው። ሎሬታ ጓንቷን ስታወልቅ አየሁ፤
ሠላሳ ዓመት ቀለበት የኖረበት ጣቷ ላይ
ላጲስ ያለፈበት የመሰለ ነጭ መስመር።
«ምን ነካው?» አልኳት።
«ጠፋ፣» አለች።
ያችኑ ቃል። በካፒቴኑ አፍ ሳይሆን በእናት።

ሩዲን፣ ልጇን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ድልድዩ ሥር፣
ከመያዣ ሱቁ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ኮሌታውን ወደ ላይ አንሥቶ።
የጓዳዋ መስኮት በካርቶን ተሸፍኗል፤
ነፋስ በዚያው ይመላለሳል፣ የልጁን መንገድ ለምዶ፣ ወጥቶ ገብቶ።

«ስርቆት፣ ከመኖሪያ ቤት።» ሣጥኑ ከፊቴ ክፍት ነበር።
እርሳሱም ተቀርጾ ነበር።
ከማሞቂያው ጋን የሚንጠባጠበውን ውኃ
ሁለታችንም ስናዳምጥ ቆየን።

እሷ ቋጠረችው።
እኔም አልቆጠርኩት።
ፖስታው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ወጣ፤
ቴምብሩን በምላሷ ያራሰችው እሷ ናት።